የዘለልኳት መስመር

ቅዳሜ ማለዳ ስልኬ ሲንጫጫ፣
ማስተዋል ናት፤ ከዓሣ ማኅበሩ፣ ከሚዛኑ መቀመጫ።
«መመሪያህን ይዣለሁ» አለች፣ «ያኔ የጻፍክልንን፣
ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥሩን፤
ነጥብ ሳልዘል፣ ፊደል ሳላጎድል፣ እንዳለው አድርጌአለሁ፤
ገደቡ ግን አይሠራም። የቱ ጋ ተሳስቻለሁ?»

ሪፖርት አውጪው ፕሮግራም፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል፣
እንደ እምቦጭ ነው፤ ባንድ ቅጠል ጀምሮ ሐይቅ የሚያክል።
ሜሞሪውን ይውጣል፣ ይውጣል፣ በቃኝን አያውቅም፤
ማሽኑ ሲታፈን አንዱን ገድሎ ይተነፍሳል፤
የሚገድለው ግን ሁልጊዜ ጥፋተኛውን አይደለም።
ዛሬ የገደለው የሚዛኑን ነው፣
የጋሽ እንድሪስን አርባ ሰባት ኪሎ አሳይቶ ሳይመዘግበው።

መመሪያው የኔ ነው። አምና ክረምት፣
መብራት በሚመላለስበት ወራት፣
አጫጭር ቃል መርጬ፣
በፕላስቲክ አስለብጬ፣
ግድግዳው ላይ ቸነከርኩት፤ «ልጅ እንኳ ይሠራበታል» ብዬ ፎክሬ ወጣሁ።
ዛሬ በባጃጅ ከዘምባባው ሥር ስከንፍ
ሰባቱን ቁጥር እንደ ዳዊት እደግማለሁ፤
አንድም የጎደለ የለ።
«እሷ ናት የዘለለችው» እላለሁ፤ ይህን አልክድም።

ስደርስ አምባዛው ሲሚንቶ ላይ፣ ቆሮሶው በቅርጫት፣
ፀሐይ ልትወጣ ነው፣ ዝንቡ ቀደማት።
«ሚዛናችሁ ረሳኝ?» ይላል ጋሽ እንድሪስ እየሳቀ፤
ሳቁ ሌሊቱን መረብ እንደጎተተ ክንድ ነው፣ የዛለ፣ የደቀቀ።

ማስተዋል በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦
«አንድ፤ የማስነሻውን ፋይል ክፈት።
ሁለት፤ ሜሞሪ ቁጠር የምትለዋን ቃል ከመስመሩ ጫፍ ጨምር።
ሦስት፤ አስቀምጥ።
አራት፤ ለሪፖርቱ ሁለት ጊጋ ገደብ ስጥ...»
«ቆይ» አልኳት።
ከሦስትና ከአራት መሀል ጣት የማታክል ክፍተት አለች፤
እዚያ ነው የተቀበረች፦
ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት።

ከርነሉ ያን ቃል የሚያነበው ሲነሳ ነው፣ በመጀመሪያ እስትንፋሱ፤
ከነቃ ወዲያ ቢጮሁበት አይሰማም፤ ዘግቷል ለራሱ።
ያልቆጠሩትን ደግሞ አይገድቡም። የጨረጨራ በር እንኳ፣
የሐይቁ ከፍታ ሳይነበብ፣
ቢዘጋ ቢከፈት ብረት ነው እንጂ አይባል ገደብ።

ታዲያ አምና እንዴት ሠራ?
ያኔ ትዝ አለኝ፤ ሳቅና እፍረት ባንድ ላይ መጣብኝ፦
አምና ሦስትን እንዳስቀመጥኩ መብራት ሄደብኝ።
ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ተነሣ፤ እኔም አራት ብዬ ቀጠልኩ።
ጨለማው ሠርቶልኝ፣ እኔ ሠራሁ አልኩ።
ዘንድሮ ማኅበሩ አዲስ ማሽን ገዛ፣ ከነባትሪው፤
መብራት ቢጠፋ አይጠፋም። ጉዴ የወጣው በዚህ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ሰምቶን ነበር። «ልጄን ታንኳ ሳስተምር» አለ፣
«ደንገሉን እጨድ አልኩት፣ እሰር አልኩት፤ አድርቀው አላልኩት።
እኔ ስማር አባቴ አድርቆ ይጠብቀኝ ነበራ!
ሰው ሁሉ እያየ ከነልብሱ ሰጠመ፤ እስካሁን ይሰድበኛል።»
እስክሪብቶውን ለማስተዋል ሰጠኋት፤ የኔ እጅ ይዘላል።

ፕላስቲኩን ቀዳ ከጠባቡ ክፍተት ጻፈች፦
«ሦስት ተኩል፤ አጥፍተሽ አስነሺ።
ሲነሳ መቁጠሩን በዓይንሽ ሳታይ አራትን አትንኪ።»
«ክፈት፣ ጨምር፣ ስጥ» ሲል የኖረ ወረቀት
ባንድ መስመር ሴት አናገረ። አላረምኳትም።

ስክሪኑ ጠቆረ። በመስኮቱ ሐይቁ ብቻ ቀረ።
ነጭ ፊደል ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።
ሪፖርቱ ተነሣ፣ አበጠ፤ ሁለት ጊጋው ላይ ሲደርስ
ብቻውን ወደቀ፣ ማንንም ሳያስለቅስ።
ሚዛኑ በራ።

ጋሽ እንድሪስ ቅርጫቱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።
አርባ ስድስት ተኩል።
«አርባ ሰባት ነበር» አለ፣
ወደ ፀሐይዋ ሳይሆን ወደ እኔ እያየ።